በዛለት ወይስ በዛበት

ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን ሸዋ ሮቢት ላይ የአስፋልቱ ዳርና ዳር ጆንያ ብቻ ይሆናል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጣርማ በርን ዋሻና የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ከወረዱ በኋላ በሚገኘው ሜዳ ላይ ናት። ቆላው የሮቢን ወንዝ በቦይ እየጠለፈ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ፓፓያና ማንጎ ያመርታል። ጆንያው አጠገብ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ግሥ ደጋግሞ ይሰማል፤ «በዛ» የሚል። ብቻውን ግን እምብዛም አይመጣም። ባለማሳው «ዘንድሮ ሽንኩርት በዛብን» ይላል። አይሱዙውን አቁሞ ዋጋ የሚያጠያይቀው ነጋዴ ደግሞ፣ ገበሬው ራቅ ሲልለት፣ ለደላላው «ጥሩ ነው፣ በዛልን» ይለዋል። ሽንኩርቱ ያው፣ ክምሩ ያው፣ ግሡም ያው ነው። የተለየችው አንዲት ፊደል ናት፤ በአንዱ አፍ «ብ»፣ በሌላው አፍ «ል»።

ይህችን ፊደል ቀረብ ብዬ ላያት እፈልጋለሁ። ስለ አማርኛ ብልሃት ሲወራ ሁሉም ወደ ሰምና ወርቅ ይሮጣል። ሰምና ወርቅ ድንቅ ነው፤ ይሁንና የተማረ ሰው አስቦበት፣ አድማጭ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ጌጥ ነው። የ«ብ» እና የ«ል» ሥራ ግን ማንም ሳይጨነቅበት፣ ላቡን እየጠረገ፣ የጆንያ አፍ እየሰፋ የሚሠራው ነው። አድናቂ ያጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

«ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚለውን ጥንድ የማያውቅ የለም። «መሰከረለት፣ መሰከረበት» እና «ተናገረለት፣ ተናገረበት» እንዲሁ። ሙግት የሚወድ ሕዝብ ቋንቋው ውስጥ ለችሎት የሚሆን መለያ ቢኖረው አይገርምም። የሚገርመው ቋንቋው ያንኑ መለያ ይዞ ከችሎት ወደ ማሳ መውረዱ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ዘነበለት ወይም ዘነበበት ነው። እንግዳ ሲመጣ መጣለት ወይም መጣበት ነው። ሌሊቱ እንኳ ለሕመምተኛው ይነጋለታል፣ ሥራውን ላልጨረሰው ይነጋበታል። ብዛትም እንደዚሁ ብያኔ ነው፤ ለማን እንደተበየነ፣ በማን ላይ እንደተበየነ ሳይነገር እምብዛም አይታለፍም።

አሁን መጋጠሚያውን እንየው። በግዕዝ «ሎቱ» እና «ቦቱ» ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ ቃላት ናቸው፤ ከግሡ ተለይተው ይጻፋሉ። በአማርኛ ግን ዘመዶቻቸው ግሡ ውስጥ ገብተው፣ ባለቤታቸውን በጀርባቸው አዝለው ይኖራሉ። «በዛባት» ሲባል ብዛቱ፣ ጉዳቱና የተጎዳችው ሴት መሆኗ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። «በዛብዎ» ሲባል አክብሮቱም ተጨመረ ማለት ነው። ስንናገር ፊደሏን አጥብቀን ነው የምንጠራት። ጽሑፋችን ማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ግን ይህ ሥራ ለዓይን አይታይም፤ ጆሮ ብቻ ያውቀዋል።

ከሁሉ የምወደው የምትቀመጥበትን ስፍራ ነው። «በዝቷል» የሚለው ቃል ሲታይ የተዘጋ፣ ያለቀለት ይመስላል። አማርኛ ግን መካከሉን ከፍቶ ያስገባታል፤ በዝቶ፣ በት፣ አል፤ «በዝቶበታል»። በአሉታም ጊዜ እንዲሁ ነው፤ «አል» በፊት፣ «ም» በኋላ ቆመው እሷን መሐል ያደርጓታል፤ «አልበዛበትም»። ሙዳይ የምትሰፋ ሴት ባለቀለሙን አክርማ ከላይ አትለጥፈውም፤ በወስፌ ቀዳዳ ከፍታ ከስንደዶው ጋር ታያይዘዋለች፤ እሱን ለማውጣት የሞከረ ሰው ስፌቱን ይፈታዋል። የእኛም ፊደል አገባቧ እንዲሁ ነው።

የሰዋስው ሊቃውንት ይህን ሥራ ደህና አድርገው አይተውታል። ቮልፍ ሌስላው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ከ1,000 ገጽ በላይ በሆነ የአማርኛ ሰዋስው ውስጥ፣ ባዬ ይማምም በ1987 ዓ.ም. «የአማርኛ ሰዋስው» ብለው ባወጡት መጽሐፍ ስለ ግሥና ስለ ተሳቢ ምዕላዶቹ የሚፈልግ ሰው ብዙ ያገኛል። ሰዋስው ግን የመጋጠሚያውን ሕግ ይነግረናል እንጂ ገበያ መሐል እንዴት እንደሚሠራበት ለማሳየት አልተጻፈም። እኔን የሚማርከኝ ደግሞ ይኸኛው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። ፊደሏ የምትቀመጥበት ወንበር አንድ ብቻ ነው። «ለ»ንም «በ»ንም በአንድ ጊዜ የሚሸከም ግሥ አማርኛ የለውም። ስለዚህ ፊደሏን የሚያስገባ ተናጋሪ ዝናቡን ከማን ወገን ሆኖ እንደሚያየው ሳይመርጥ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አይችልም። ሸዋ ሮቢት ለምትገኝበት ለይፋት ቆላ ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። ሮቢም ሆነ ጀውሃ ከምዕራቡ ተራራ ሥር የሚወርዱ ወንዞች ናቸው፤ ደጋው ሲዘንብበት ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ከላይ ያለው ገብስ ዘሪ «ዘነበልን» ሲል ከታች የቦዩን አፍ በድንጋይና በጭቃ የጠገነው ሰው «ሞላብን» ይላል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ደመና። ደለሉ ማሳው ላይ ሲተኛ ደግሞ ያው ሰው በሚቀጥለው ወር «ጎርፉ አፈር አመጣልኝ» ሊል ይችላል። ለአንዱም ሰው ቢሆን ፊደሏ ቋሚ አይደለችም፤ ቀን ያገላብጣታል።

ማሾን እንውሰድ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው በቀወት ወረዳና በአካባቢው ባሉ የሰሜን ሸዋ ቆላዎች የሚዘራ፣ በአጭር ጊዜ የሚደርስ፣ በምርት ገበያም ከሚገበያዩ ሰብሎች አንዱ የሆነ እህል ነው። ዘሩ መሬት ሲገባ የሚጥለው ዝናብ «ዘነበለት» ይባላል። ቆባው ደርሶ ከጠቆረ በኋላ የሚጥለው ዝናብ ግን፣ በመጠኑ ከመጀመሪያው ቢያንስ እንኳ፣ «ዘነበበት» ነው፤ ፍሬው እላዩ ላይ እያለ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይበላሻል፣ ገዢ ያጣጥለዋል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የበዛ ውሃ የለም። «በት» የመጣችው ከመጠኑ ሳይሆን ከጊዜው ነው። አማርኛ ትርፍንና ጉዳትን በስፍር ብቻ አይለካም፤ ሦስት ጠብታም ጊዜዋን ስታ ከመጣች ትበዛለች።

ማሽላውም የራሱ አለው። ዘለላው ወተት በሚቋጥርበት ወቅት ግሪሳ ሲወርድ፣ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ልጅ «ወፍ በዛብኝ» ብሎ ይጮኻል። «ወፍ በዛበት» የሚባለው ማሽላው ነው ወይስ ልጁ ነው? ሁለቱም ያስኬዳል። «በት» ቦታንም ታመለክታለችና፤ «ተኛበት፣ ተቀመጠበት፣ ዘራበት» እንደሚባለው። «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ስንል በወጡ ውስጥ ጨው መኖሩን እንናገራለን ወይስ ወጡ በጨው መጎዳቱን? መለየት አይቻልም፤ ያልተለየውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ቦታውና ተጎጂው አንድ ሆነዋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላዎች ላይ ሲወርድ «አንበጣ ወረደብን» ያለ ገበሬ፣ የት እንደወረደና ማንን እንደጎዳ አንዴ ተናግሮ ጨርሷል።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሌላ ብልሃት አለው። ተማሪ ቤት «ቬሪ» እና «ቱ» የሚባሉ ሁለት ቃላት ያስተምሩናል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም «በጣም» ብለን እንይዛቸዋለን። ከዚያ ነው «አይ ላቭ ዩ ቱ መች» የሚል የፍቅር ደብዳቤ የሚወለደው፤ ጸሐፊው «እጅግ እወድሻለሁ» ማለቱ ነበር፣ ተቀባይዋ እንግሊዝ ብትሆን ግን ልጁ ከሚገባው በላይ ወድዶ መቸገሩን ትረዳለች። «ቱ» ድንበር መታለፉን ታበስራለች። የማን ድንበር እንደሆነ ግን አትናገርም፤ ያን የፈለገ ሰው ከኋላ «ፎር ሚ» ብሎ ማስከተል ይኖርበታል። አማርኛ በተቃራኒው የተጎዳውን ሰው አስቀድሞ ይጠራል፣ ድንበሩን ለአድማጭ ግምት ይተዋል። ድንበሩን መጥራት ሲያምረው ደግሞ «ከመጠን በላይ»፣ «ከልክ ያለፈ» የሚል አለው፤ ግን እነዚህ የወግ ልብስ ናቸው፣ የዘወትር አይደሉም።

ለእንግሊዝኛም እንፍረድለት። «ዘ ካር ዳይድ ኦን ሚ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ ከእኛ «መኪናው ቆመብኝ» ጋር ወንድማማች ነው። ሆኖም ያችን «ኦን» በሁሉም ግሥ ላይ እንደልብ አይደርቧትም። መብዛትን በስም ማከማቸት ይቀናቸዋል፣ ለየሙያው አንድ አንድ ስም። ነጋዴው ገበያው ሲጨናነቅ «ግላት» ይላል፤ ከመዋጥ የመጣ ቃል ነው፣ ገበያው ዋጠና ታነቀ እንደማለት። ሐኪሙ ከግሪክ የተወሰደ «ፕሌቶራ» የሚል ቃል ነበረው፤ በሰውነት ውስጥ ደም መብዛቱን የሚያመለክት የበሽታ ስም ነው፣ መድኃኒቱም ማገም ነበር። ዛሬ ግን ያ ቃል ብዙዎች ዘንድ «ብዙ» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም፣ በሽታነቱ ተረስቷል፤ ቃል ጠባቂዎቻቸውም ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ስም እንዲህ ነው፣ ሲገላበጥ ጠርዙ ይሟሟል። የእኛ «ብ» ጠርዟ አልሟሟም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተቃራኒዋ «ል» በየደቂቃው አጠገቧ ቆማ ትስላታለች።

ወደ ገበያው እንመለስና ሰልባጅ ተራ እንግባ። እዚያ ሌላ ነገር እናያለን። ሱሪ የሚለካ ሰው «ሰፋኝ» ይላል፤ «ጠበበኝ፣ አጠረኝ፣ ረዘመኝ»። «ል»ም «ብ»ም የለችም፣ ሆኖም መብዛት ተነግሯል፤ «ሰፋኝ» ማለት ለእኔ ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነው ማለት ነው። ያንኑ ሱሪ ልብስ ሰፊ ወስዶ ቢያሰፋው «ሰፋልኝ» ይላል። ሹራቡ ከታጠበ በኋላ ተለጥጦ ቢወጣ «ሰፋብኝ» ይላል። ሦስት ቃል፣ አንድ ግሥ፣ ሦስት የተለያየ ታሪክ፤ የመጀመሪያው ስለ ልኬት፣ ሁለተኛው ስለ ውለታ፣ ሦስተኛው ስለ ጉዳት። አንድም ተውሳከ ግሥ አልተጨመረም።

ማነስም እንዲሁ ያለ ፊደል ይሄዳል፤ አነሰኝ፣ በቃኝ፣ ጎደለኝ። ፊደሏ ስትገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። «መቶ ብር ጎደለኝ» የሚል ሰው ዕቃውን ለመግዛት ገንዘቡ አልደረሰለትም። «መቶ ብር ጎደለብኝ» የሚል ሰው ግን ካዝና የሚጠብቅ ነው፤ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ከራሱ ደመወዝ ሊከፍል ነው። መጉደሉ እኩል ነው፣ ዕዳው ግን የሁለተኛው ብቻ ነው። የ«በት»ን ክብደት በደንብ የሚያሳየው «አለ» የሚለው ግሥ ነው። «አለው» ማለት ባለቤትነት ነው፤ «አለበት» ማለት ዕዳ፣ ግዴታ፣ ኀላፊነት፣ ቃል ኪዳን ነው። አማርኛ «ማድረግ አለብኝ» ለማለት ሌላ ግሥ አልፈለገም፤ መኖር ላይ ያችን ፊደል መጫን በቃው።

እህል ተራ ላይ ደግሞ እነዚህ ፊደሎች ልክ እንደ ሚዛን ድንጋይ ወዲያና ወዲህ ይወረወራሉ። ገዢዋ በጣሳ ማሾ እያሰፈረች ነው።

«እናቴ፣ መርቂልኝ እንጂ።»

«መረቅሁልሽ እኮ ልጄ።»

«ኧረ ከቅድሙ ቀነስሽብኝ! ለቀደመችኝ ሴትዮ እንዲህ አላረግሽባትም።»

«ምኑን ቀነስኩብሽ? ይኸው፣ ሞልቶ ፈሰሰልሽ!»

ይህችን የመጨረሻ ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። «ፈሰሰልሽ»። መፍሰስ ብዙ ጊዜ ጥፋት ነው፤ ወተት ፈሰሰብኝ፣ ውሃ ፈሰሰብኝ ይባላል። ሻጯ ግን ከጣሳው ጠርዝ አልፎ ወደ ገዢዋ ከረጢት የወረደውን ፍሬ በአንዲት «ል» ወደ ስጦታ ለወጠችው። ገዢዋ ደግሞ ዋጋው ላይ ስትደርስ ቀንሺልኝ ትላለች፤ ስፍሩ ላይ ጨምሪልኝ ያለችው ያችው ሴት። ሻጯ ከጨመረች «ጨመርሽብኝ» ይሆናል፣ ዋጋው ላይ ከሆነ፤ «ጨመርሽልኝ» ይሆናል፣ ጣሳው ላይ ከሆነ። መደመርና መቀነስ ራሳቸው በጎም ክፉም አይደሉም፤ ደግነትና ንፍገት የምትሰጣቸው ይህች ፊደል ናት። አስተማሪ ሆኜ ልጆችን ስለ አሉታዊ ቁጥር የማስረዳ ብሆን ኖሮ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ እዚህ አመጣቸው ነበር።

እስካሁን «በዛለት» እና «በዛበት» ሚዛናቸው እኩል የሆነ መንታ አስመስያቸዋለሁ። በእውነቱ እኩል አይደሉም። ቆላውን ዞሮ የሚያዳምጥ ሰው «በዛበት»ን አሥር ጊዜ ሲሰማ «በዛለት»ን አንዴ ቢሰማ ነው። ለምን? ደስ የሚል ብዛት የየራሱ ግሥ ስላለው ነው። ከብት ይረባለታል። ገበያ ይደራለታል። ቤቱ ይሞላለታል። ሰብሉ ይሰምርለታል። እንጀራው ደግሞ ይበረክትለታል፤ ይህኛው ለብቻው ሊደነቅ የሚገባው ግሥ ነው፤ ምክንያቱም መበርከት ብዙ መሆን ማለት አይደለም፤ ትንሹ ከተጠበቀው በላይ መዝለቁ ነው። ለበጎው እንዲህ እየመረጠ የሚያለብሰው አማርኛ ለክፉው ብዛት ግን አንድ ግሥ ብቻ ይመድባል። ዕዳ፣ ትንኝ፣ ወሬ፣ ጨው፣ ጭስ፣ ቀረጥ፣ ስብሰባ፤ ሁሉም «በዛበት» ናቸው። የደስታ ልብስ ልዩ ልዩ ነው፣ የጭንቀት ልብስ ግን አንድ ወጥ ነው።

ባዶው «በዛ» ራሱ ከዚህ ልማድ የተነሣ ወደ ክፉው ያዘነብላል። «ነገር በዛ» ሲባል ማንም ደስ አይለውም። «አበዛኸው» ተግሣጽ ነው፣ «አታብዛ» ማስጠንቀቂያ ነው። ማር እንኳ ሲበዛ ይመራል ይባላል። ሆኖም አንድ ቦታ ላይ ያው ግሥ ፊቱን ያዞራል፤ «ሲበዛ ደግ ናት»። ይህ ወቀሳ ነው? አይደለም፤ ሙገሳ ነው። ግን ውስጡ ትንሽ ሥጋት አለበት፤ ደግነቷ ለራሷ አይበጃትም የሚል። «በጣም ደግ ናት» ከሚለው ጋር አስተያዩት፤ «በጣም» ልብ የለውም።

የሰው ስም ላይ ደግሞ «ብ» ሥራዋን ለውጣ ትገኛለች። «ሞላልኝ» የሚባል ሰው በየአካባቢው አለ፤ «ል»ው እንደተጠበቀው የደስታ ነው። «ሞላብኝ» የሚባል ግን አልሰማሁም። ታዲያ «በዛብህ»ን ምን እናድርገው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዋናው ሰው በዛብህ ነው፤ የማያውቀው አንባቢ የለም። በገበያው አማርኛ «በዛብህ» ማለት «ተጫነህ» ነው። በስምነቱ ግን ወገናችን በአንተ በዛ፣ አንተ ስትወለድ ቁጥራችን ጨመረ ማለት ነው። «ብ» እዚህ የምክንያትና የመሣሪያ ናት፤ «በብዕሩ ጻፈበት» እንደሚባለው። አንዲት ፊደል ሸክምም፣ ቦታም፣ መሣሪያም ልትሆን ትችላለች፤ የቱን እንደሆነች የሚወስነው ማን ለማን፣ የትና መቼ እንደተናገረው ነው። ሕፃን ተወልዶ ስም ሲወጣለት «በዛብህ» ቢባል ዘመድ አዝማድ እልል ይላል፤ ያንኑ ቃል ጆንያ ለተሸከመ ወንድማችሁ ብትሉት ሸክሙን ልታቃልሉለት ነው ብሎ ይጠብቃል። ስለ ብዛት ያለን ስስት የታወቀ ነው፤ ሺበሺ፣ እልፍነሽ፣ ብዙነሽ፣ ተረፈ ብለን የምንጠራው ሁሉ የቁጥር ልጅ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን «በዛብህ» ስፌቱ ይበልጥብኛል። እነሆ፣ «ይበልጥብኛል»፤ እዚህም ገባች።

ምስጋናዬን የሚያደበዝዝብኝ አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ጥበብ የቢሮ በር ላይ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ይቀራል። ስለ ይፋት ቆላ ምርት በሪፖርት ሲጻፍ «የሽንኩርት ምርት በከፍተኛ መጠን መጨመሩ ተገለጸ» የሚመስል ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ጨመረ፤ እሺ፣ ለማን? በማን ላይ? «መጨመሩ» ፊደሏ የምትገባበትን ስፍራ ዘግቶታል፤ «ተገለጸ» ደግሞ ተናጋሪውንም ሸሽጎታል። «ከፍተኛ መጠን» የሚለው ክብደት ያለው ይመስላል፣ ግን ከ«በዛብን» ጋር ሲተያይ ቀሊል ነው። የሪፖርት ጸሐፊው ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። ቢሮው ወገን የሌለው አማርኛ ይፈልጋል፣ አማርኛ ግን ወገን ሳይዝ ስለ ብዛት መናገርን አልለመደም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ግሡን ወደ ስም ቀይሮ ከወንበሩ ያስነሣዋል።

ያን ዓረፍተ ነገር እኔ ብሆን እንዲህ አቃናዋለሁ፤ «ዘንድሮ በቀወት ሽንኩርት ለነጋዴው በዛለት፣ ገበሬው ላይ ግን በዛበት።» ወይም ዓመቱ ሌላ ከሆነ በግልባጩ። የቱ እንደሆነ ለመጻፍ ግን ጸሐፊው ከሄክታሩና ከኩንታሉ ቁጥር ሌላ ሦስት ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፤ ማሳው ላይ ኪሎው በስንት እንደተሸጠ፣ ለፓምፑ ነዳጅ ስንት እንደወጣ፣ ለነቃዩ የቀን ሠራተኛም ስንት እንደተከፈለ።